እማዬ ዓመተ ምህረቱን ተሳሳተች?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መርሳት ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል። ሜሪላንድ ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን የቀን ማዕከል በየሳምንቱ የማየው ጉዳይ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ልጆቼን እንድትይዝልኝ ከደሴ ካመጣኋት ሦስት ዓመት ሆናት። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከገና ወዲህ መርሳት ጀምራለች። የነገርኳትን ደግማ ትጠይቀኛለች። ሁለት ጊዜ ድስት አሳርራለች። ሐኪም ጋ ስወስዳት በስልክ አስተርጓሚ ፈተና ሰጧት። ከ30 19 አመጣች። ዓመተ ምህረቱን ስትጠየቅ 2018 አለች። ሰዓት እንድትስል ስትጠየቅም ተሳሳተች። ሐኪሙ «የመርሳት በሽታ ሳይሆን አይቀርም» ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጓደኛዬ በወር 15 ዶላር የሚከፈልበት የአእምሮ ስፖርት አፕ አለ፣ በታብሌት ትሥራ እያለችኝ ነው። እማዬ ደግሞ እንግሊዝኛ አትችልም። ልክፈል? ስኳር ስላለባት ለብዙ ዓመት ሜትፎርሚን ወስዳለች። ጾም አትፈታም። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ማታ ማታ ታይሌኖል ፒኤም እሰጣታለሁ።
— ልጇ

መልስ፦ እህቴ፣ ከአፑ በፊት ስለ ፈተናው እናውራ።

እናትሽ 2018 አሉ። ትክክል ናቸው እኮ! በእኛ አቆጣጠር 2018 ነው። አስተርጓሚው ቃሉን መለሰ እንጂ ዘመኑን አልመለሰም። እናትሽ ስምንት ዓመት የጠፋባቸው ተደርጎ ተጻፈባቸው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ከ30 የሚታረመው ይህ ፈተና ሞካ የሚባለው ከሆነ፣ ሳሉ የሚባለው ሰዓት 11 ከ10 ነው። በፈረንጅ ማለቴ ነው። አስተርጓሚው በቀጥታ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ብሎ ከነገራቸው እናትሽ ሰዓት ቆጣሪውን የሚያደርጉት 5 ላይ ነው። ደሴ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የግድግዳው ሰዓት የሚያሳየው 5ን ነዋ! ዕድሜ ልካቸውን ያነበቡት እንደዚያ ነው። የሳሉበትን ወረቀት ጠይቂና እይው። ሰዓት ቆጣሪው 5 ላይ፣ ደቂቃ ቆጣሪው 2 ላይ ከሆነ የተባሉትን ሠርተዋል።

ሌላም አለ። በሞካ 26 እና ከዚያ በላይ ደህና ይባላል። 12 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ለተማረ ሰው አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። አራተኛ ክፍል ላቆመ ሰው አንድ ነጥብ ምን ይፈይዳል? ፈተናው ኪዩብ አስመስለህ ሳል ይላል። እርሳስ ከጨበጡ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ኪዩብ መሳል አቃታቸው ተብሎ ምን ይፈረዳል? ትምህርት ላልገፉ ሰዎች የተዘጋጀ «ሞካ ቤዚክ» የሚባል አለ። በስሙ ጠይቂ።

ስለዚህ ፈተናው ይደገም። በአካል የሚገኝ የሠለጠነ አስተርጓሚ ጠይቂ። እዚህ አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በአካል ካልተገኘ በቪዲዮ ይሁን። ስለ ዘመን አቆጣጠሩና ስለ ሰዓቱ ሐኪሙ ቀድሞ ይወቅ። አንቺ አታስተርጉሚ። ልጅ ለእናቱ ሳያውቅ መልስ ያቀብላል። ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ይህን ስልሽ «ምንም የለባቸውም» ማለቴ አይደለም። ድስቱ አሯል። ጥያቄው ተደጋግሟል። እነዚህ እውነት ናቸው፣ ምክንያታቸውም መፈለግ አለበት። እኔ ከደብዳቤሽ ብቻ ሦስት ነገር አየሁ።

አንደኛው ሜትፎርሚኑና ጾሙ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ 12 ይቀንሳል። ቢ 12 የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። የእኛ እናቶች ከዓመቱ ከግማሽ የማያንሰውን ጊዜ ይጾማሉ። በዚያ ላይ ሰው ሲያረጅ ሆድም ቢ 12ን እንደ ድሮው አይቀበልም። ሦስቱ ሲገጥሙ ሰው ይረሳል፣ እግሩን ይደነዝዘዋል፣ ይደክመዋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒቱም ቀላል ነው። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢም አብሮ ይታይ። ሜትፎርሚኑን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪባቸው። ጾሙንም ተዪ ብለሽ አታስጨንቂያቸው፤ ቢ 12 በእንክብልም በመርፌም ይሰጣል።

ሁለተኛው «ፒኤም» የምትለዋ ነገር ናት። ውስጧ ዳይፈንሀይድራሚን አለ። ለአለርጂ በሚወሰደው ቤናድሪል ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። አረጋውያንን ያደናግራል፣ ያፈዛል፣ ሌሊት ሲነሱ ይጥላቸዋል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከመደርደሪያ ላይ ስለሚነሳ ሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔ ብሆን ዛሬ ማታ አልሰጣቸውም፣ ሐኪሙንም በሌላ መንገድ እንዲረዳቸው እጠይቃለሁ። እናትሽ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ጨምረሽ፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

ሦስተኛው ጆሮ ነው። ስለ ጆሮ አልጻፍሽልኝም። እኔ ግን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ምክንያቱም አባቴ።

አባዬ 78 ዓመቱ እያለ አገር ቤት ሄድኩ። ስለ እህል ዋጋ ስጠይቀው ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ይመልስልኛል። የነገርኩትን ከአንድ ሰዓት በኋላ አያውቀውም። ነርስ ነኝ፣ ብዙ አረጋውያን አይቻለሁ፤ እና «አባዬ ጀምሮታል» ብዬ አለቀስኩ። ለወንድሞቼ ደወልኩ። ቤቱ ሐዘን ቤት መሰለ። በኋላ አንድ የጆሮ ሐኪም ከሁለቱም ጆሮው እንደ ጠጠር የደረቀ ኩክ አወጣለት። ቀጥሎ የመስማት ምርመራ ተደረገለትና የመስሚያ መሣሪያ ገባለት። ያልኩትን የረሳው ቀድሞም ስላልሰማው ነው። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ፤ እስከ መጨረሻው የሰውን ሁሉ የዘር ሐረግ ይቆጥር ነበር።

መስማት ማጣት ከመርሳት በሽታ ጋር በራሱም ይያያዛል። የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይርቃል፣ አእምሮውም ቃል ለመያዝ ሲታገል ይደክማል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 በሆነ 977 ሰዎች ላይ ለሦስት ዓመት የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቶ ነበር። በሁሉም ላይ አንድ ላይ ሲታይ የመስሚያ መሣሪያው ለውጥ አላመጣም። ለመርሳት በሽታ ይበልጥ የተጋለጡት ለብቻቸው ሲታዩ ግን የማሰብ ችሎታቸው የሚቀንስበት ፍጥነት በ48 በመቶ ዝቅ ብሏል። ስኳርና ግፊት ያለበትን ሰው ጆሮ እንደ ትንሽ ነገር ማየት የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዓይንም ይታይላቸው፤ ሞራ ካለ ይገፈፋል።

አሁን ወደ አፑ። ገንዘብሽን አትክፈዪ። የአእምሮ ልምምድ ከንቱ ነው ብዬ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ «አክቲቭ» የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,832 ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንዱ ቡድን ማስታወስን፣ አንዱ ማመዛዘንን፣ ሌላው በዓይን ያዩትን በፍጥነት መለየትን ተለማመደ፤ አሥር አሥር ክፍለ ጊዜ። እያንዳንዱ በተለማመደው ነገር ተሻሻለ። ማስታወስ የተለማመደው ግን በማመዛዘን አልተሻሻለም። የማመዛዘንና የፍጥነት ልምምዱ ጥቅም ከአሥር ዓመት በኋላም ታይቷል፤ የማስታወሱ ግን አልቆየም። ልምምድ የሚሠራው በልኩ ነው ማለት ነው። «ሉሞሲቲ» የሚባለውን አፕ የሚሸጠው ኩባንያ ከዚህ አልፎ ማስታወቂያ በመሥራቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እናትሽ ደግሞ በማያውቁት ቋንቋ፣ ብቻቸውን፣ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይቀመጡ? ብቸኝነታቸው ነው የሚብሰው።

የእኔ ትልቁ ስጋት እሱ ነው፣ ብቸኝነታቸው። ደሴ እያሉ የቤቱ ደጃፍ ሰው ያጣ ነበር? እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ገበያ አለ። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ለማን ስንት ተዋጣ የሚለውን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ነበር የሚኖሩት። አሁን አንቺ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። በብርድ ወራት ከአፓርታማው ሳይወጡ ሳምንት ያልፋል። የሚጠይቃቸው የለም፣ የሚያስቡለት የለም። ድብርት ደግሞ በአረጋውያን ላይ መርሳት መስሎ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ስሜታቸውም ይጠይቃቸው። እናቶቻችን «ከፍቶኛል» ላይሉ ይችላሉ። «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይጫነኛል» ነው የሚሉት።

በኔ ማዕከል አንዲት እናት አሉ፤ 76 ዓመታቸው። ሲመጡ ለአንድ ወር ያህል አልተናገሩም። አንድ ቀን ቡና እንዲያፈሉ ጠየቅናቸው። እሺ አሉ። ቀጥሎ በየሳምንቱ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንት ኪሎ ቡና እንደሚበቃ የመቁጠር ሥራ ሰጠናቸው። ከዚያ ከአንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት ስፓኒሽ መማር ጀመሩ። ዛሬ በስፓኒሽ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ እስከ መቶ ይቆጥራሉ። መድኃኒታቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩ ነው።

እናትሽንም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚውሉበት ፈልጊላቸው። የቀን ማዕከል ኢንሹራንሳቸው ካልከፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የካውንቲው የአረጋውያን ማእከል አለ። ልጆችሽ አማርኛ ፊደል ይማሩባቸው፤ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። አውቶቡስ መሳፈር አሳዪያቸው፣ መጀመሪያ አብረሻቸው፣ በኋላ ከኋላቸው ሆነሽ። ምድጃው ላይ በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ አስገጥሚ። ድስት ስላሳረሩ ብቻ ከወጥ ቤት አታስወጫቸው።

አንድ ማሳሰቢያ። መርሳቱ በወራት ሳይሆን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ሰው ካምታታቸው፣ ከቃዡ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ኢንፌክሽን፣ ስኳር መውረድ ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ 69 ዓመቴ ነው። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጡረታ ወጥቼ ጉለሌ እኖራለሁ። አሥራ አራት ያህል ጡረተኞች ነን። የእድራችን አዳራሽ ማክሰኞና ሐሙስ ባዶ ስለሆነ ለአእምሮ የሚጠቅም ፕሮግራም እንጀምር ተባባልን። ገንዘብ የለንም። አንዳንዶቹ ዳማና ገበጣ ይበቃናል ይላሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት ዳዊት እደግማለሁ፤ እሱስ አእምሮን አይጠብቅም? ምን ይመክሩናል?
— ጡረተኛው መምህር

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ። እናንተ ያሰባችሁት ትላልቅ ጥናቶች ከደረሱበት ቦታ ብዙም አይርቅም።

ፊንላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆነ 1,260 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። ግማሾቹ ስፖርት ሠሩ፣ አመጋገባቸውን አስተካከሉ፣ የአእምሮ ልምምድ አደረጉ፣ ግፊታቸውንና ስኳራቸውን በየጊዜው ተለኩ። ግማሾቹ የተለመደውን የጤና ምክር ብቻ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ መሻሻል ከሌሎቹ በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። እዚህ አሜሪካ በ2,111 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ሆኗል። በዚህኛው አንዱ ቡድን በሁለት ዓመት 38 ጊዜ እየተሰበሰበና በሰው እየተመራ ሠራ። ሌላው ስድስት ጊዜ ብቻ ተሰብስቦ ቀሪውን በየራሱ ሞከረ። ሁለቱም ተሻሽለዋል፤ ይበልጥ የተሻሻለው ግን ቶሎ ቶሎ የተሰበሰበው ነው። ጋሼ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከተሰበሰባችሁ 38ቱን በአምስት ወር ታልፉታላችሁ።

ስለ ዳዊቱ በቅንነት ልንገርዎ። ይድገሙ፤ ልብ ያሳርፋል፣ ቀኑን ያስይዛል። ነገር ግን በቃልዎ የያዙት ነገር ለአእምሮ አዲስ ሥራ አይሆንም። ዳማውም ለሰላሳ ዓመት ከተጫወቱት ሰው ጋር ከሆነ እንደዚያው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆነ 221 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ነበር። ገሚሶቹ ከዚህ በፊት የማያውቁትን የዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም ጨርቅ እየቀጣጠሉ ብርድ ልብስ መሥራት ተማሩ፤ በሳምንት 15 ሰዓት፣ ለሦስት ወር። ሌሎቹ ተሰብስበው ተጫወቱ፣ ወይም ቤታቸው የለመዱትን ዓይነት ሥራ ሠሩ። ማስታወሳቸው የተሻሻለው አዲስ ነገር ሲማሩ የከበዳቸው ናቸው። ትንሽ ሊያታግል ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁላችሁም ግፊት ተለኩ። ከመካከላችሁ ወይም ከልጆቻችሁ የጤና ባለሙያ አይጠፋም። በደብተር ይመዝገብ፣ በየወሩ ይደገም። ጨዋታው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ። በመካከለኛ ዕድሜ የጀመረና ያልታከመ የደም ግፊት አእምሮን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው፣ ደግሞም አያሳምምም። ብዙ ሰው እንዳለበት የሚያውቀው ስትሮክ ሲጥለው ነው።

ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ። ጉለሌ ዳገት አለው፣ እሱ ጥሩ ነው። ላብ ላብ እስኪላችሁ፣ ግን ማውራት እስከምትችሉ ድረስ። ጉልበት የሚያመው ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ይበል፤ አሥር ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አሥር ጊዜ።

ከዚያ ትምህርቱ። አሥራ አራት ጡረተኛ ማለት አሥራ አራት ሙያ ነው! በየወሩ አንድ ሰው ያስተምር። እርስዎ ካርታ አንባቢነት ያስተምሩ። የባንክ ሠራተኛ የነበረ ካለ ሒሳብ አያያዝ ያሳይ። ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ የሰፈር ወጣቶች ይምጡና ቴሌብርና ቴሌግራም ያስተምሯችሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። የሚስጥር ቁጥር መያዝ፣ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ማስታወስ፣ ሲሳሳቱ መመለስ፤ ይህ ሁሉ አእምሮን ያሠራል። በተጨማሪም ጡረታችሁን ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሳይነካካ ራሳችሁ ታንቀሳቅሱታላችሁ።

ገበጣው አይቅር። ግን ተጋጣሚ ቀያይሩ፣ የማታውቁትንም የሌላ አካባቢ አጨዋወት ተማሩ። የሚሸነፈው ሰው ቡና ይግዛ።

አንድ ነገር አደራ። ከመካከላችሁ ሁለት ሦስት ቀን የቀረ ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት። መርሳት የጀመረው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቅረት ነው፣ ያፍራል። «ጃጀ» የምትለዋን ቃልም ከአዳራሹ አውጧት። ቃሏ ሰውን ቤቱ ታስቀምጠዋለች።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ዱባይ ነው የምሠራው። ጎንደር ላለው አባቴ ሰው ሲሄድ ጊንኮ ቢሎባ የሚባለውን ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ እንክብል እልክለታለሁ፤ ለማስታወስ ጥሩ ነው ብለውኝ። 77 ዓመቱ ነው። ለልቡ አስፒሪን ይወስዳል። ልቀጥል?
— ልጁ

መልስ፦ አትቀጥል ወንድሜ። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ 3,069 ሰዎች ገሚሶቹን ጊንኮ፣ ገሚሶቹን ባዶ እንክብል እየሰጡ ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት ጊንኮው የመርሳት በሽታን እንዳልተከላከለ አሳየ። ከአስፒሪን ጋር ሲሆን ደግሞ የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። አስፒሪኑን ያዘዘላቸው ሐኪም አለ፣ እሱ ይቀጥል። ጊንኮው ይቁም፣ ለሐኪማቸውም ይነገር።

ለጠርሙሱ የምታወጣውን ገንዘብ አጠራቅምና የግፊት መለኪያ ግዛላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት፣ ከ9,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ፣ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች ከታከሙት ይልቅ መለስተኛ የማሰብ ችግር የገጠማቸው በ19 በመቶ ባነሰ ነበር። ለአባትህ የሚበጀውን ልክ ሐኪማቸው ይወስናል፤ የልብ ሕመም ስላለባቸው በዝግታ ነው የሚኬደው። መለኪያው በክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን፣ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ስትደውልላቸው ቁጥሩን አንብበው ይንገሩህ፣ አንተም ጻፈው። ለሚሄደው ሰው ስትሰጥ ትርፍ ባትሪ አብረህ ላክ።